ባዶዋ ሳህን፦ በአፈር ውስጥ ፕላስቲክ ስንፈልግ የተማርነው



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ አንድ መልእክት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መልእክቱ ከግቢው አጥር ጀርባ ካለው የጎመን ማሳ የመጣው አፈር «በፕላስቲክ የተሞላ ነው» ይልና በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ስንት ቅንጣት እንደተገኘ ቁጥር ይጠቅሳል። ያ ቁጥር ትክክል አልነበረም። ቁጥሩን ያወጣነው እኛ ስለሆንን ማረምም የእኛ ድርሻ ነው። ግን «ተሳስተናል» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። ስህተቱ የት የት እንደገባ ስናስረዳችሁ በአፈር ውስጥ ያለ ፕላስቲክ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚፈለግና ስለ እሱ የሚነገረውን መቼ ማመን እንደሚገባ አብሮ ግልጽ ይሆንላችኋል፤ ኢንሻአላህ።

እኛ አምስት ተማሪዎች ነን። ሦስታችን ሲቪል፣ ሁለታችን ኬሚካል ምህንድስና እንማራለን። መምህራችን ስለ አፈር ብክለት ያለውን ምዕራፍ በስላይድ ከማስተማር ይልቅ በቡድን በቡድን ከፍሎ «ሂዱና ራሳችሁ ፈልጉ» አለን። መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎን ነበር።

ማይክሮፕላስቲክ ምንድን ነው?

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው መጠኑ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ትልቁ የአተር ፍሬ ያህል ሲሆን ትንሹ በዓይን አይታይም። አንዳንዱ ከመጀመሪያውም ትንሽ ሆኖ በፋብሪካ የተሠራ ነው። በአፈር ውስጥ የሚበዛው ግን ከትልቅ ዕቃ የተሰባበረው ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የፕላስቲኩን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጣቸዋል፤ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይበጣጠሳል። ለወራት ፀሐይ ላይ የከረመ ፌስታልን ያነሳ ሰው ይህን በእጁ አይቶታል፤ ገና ሲነካው ይፈረፈራል። ያን ጊዜ «በሰበሰ» እንላለን፤ ነገር ግን እንደ ቅጠል ወደ አፈርነት አልተለወጠም። አንዱ ፌስታል ብዙ ሺህ ትንንሽ ፌስታል ሆነ እንጂ።

በአካባቢያችን ከየት ይመጣል? ፌስታል የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያ ስንል ከረጢቱን ማለታችን ነው። በአማርኛችን ለአፈር የሚጨመረውም፣ የሚመጣበት ከረጢትም በአንድ ስም ይጠራሉ። ከረጢቱ ፖሊፕሮፕሊን ከሚባል ፕላስቲክ በተሠሩ ጠፍጣፋ ክሮች የተሸመነ ነው። ገበሬው እህል ይከትበታል፣ በርበሬ ያሰጣበታል፣ ሲያረጅ አጥር ይጋርድበታል፤ በመጨረሻ ክሩ እየተተለተለ እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል። ሸራ፣ የናይለን ገመድና የመኪና ጎማ ብናኝም አሉ። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ልብስ ነው። ዛሬ የምንለብሰው ሹራብ፣ ሒጃብና ጃኬት አብዛኛው ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ነው፤ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። ሲታጠቡ ክር ይለቃሉ፤ ውሃውም ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ማሳ ይሄዳል። ልብስ ስንለብስም ክሩ በአየር ላይ ይበናል። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ እኛን የጣለችን እሷ ናት።

ለምን አፈር?

ስለዚህ ጉዳይ ስናነብ መጀመሪያ ያገኘነው ሁሉ ስለ ባህር ነበር። «ማይክሮፕላስቲክ» የሚለውን ቃል በሰፊው ያስተዋወቀው የእንግሊዙ ፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ነው፤ እሱም ስለ ባህርና የባህር ዳርቻ ነው። በርሊን የሚያስተምረው ማቲያስ ሪሊግ «ስለ አፈርስ?» ብሎ አጭር ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። ጥያቄው ዘግይቷል፤ ምክንያቱም በባህር ላይ የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ አብዛኛው ተሠርቶ፣ ተሸጦና ተጥሎ የሄደው ከየብስ ነው።

በአገራችንም በውሃው በኩል የታወቀ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ከዝዋይ ሐይቅ ከተያዙ ዓሦች ውስጥ ከሦስት አንድ ያህሉ በሆድ ዕቃቸው ፕላስቲክ ተገኝቶባቸዋል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ጎርፍ በመሬት ላይ አልፎ የሚመጣ ነው።

ፕላስቲክ አፈር ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ሁለት ሙከራዎችን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ተመራማሪዎች የምድር ትሎችን የደቀቀ ፖሊኢትሊን ከቅጠል ጋር ቀላቅለው መገቧቸው። ፕላስቲኩ ከምግቡ ክብደት 28 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ60 ቀን በኋላ የሞቱት ትሎች በዙ፤ የተረፉትም እድገታቸው ቀነሰ። በ7 በመቶው ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። 28 በመቶ በጣም ብዙ ነው፤ ማንኛውም ማሳ ላይ የምናገኘው መጠን አይደለም። ስለዚህ ይህን ሙከራ ይዞ «ማሳችን ሞቷል» ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የበርሊን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ደግሞ ለእኛ ለሲቪሎቹ ቅርብ ነው። የፖሊስተር ክር ከአፈር ክብደት ግማሽ በመቶ ባልሞላ መጠን ሲቀላቀል የአፈሩ ጥቅል እፍጋት ቀነሰ፣ ውሃ የመያዝ አቅሙ ተለወጠ፣ የአፈሩ ጓሎችም በውሃ ውስጥ ያላቸው ጥንካሬ ቀነሰ። በሶይል ሜካኒክስ ክፍል ቀን ከሌት የምንለካቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አፈሩ ከማሳ እስከ ማይክሮስኮፕ

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። እያንዳንዱን ደረጃ ከነስህተታችን እንነግራችኋለን።

አፈር ማንሳት። ከማሳው አምስት ቦታ መርጠን፣ ከላይ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረን፣ አምስቱን ቀላቀልናቸው። ከአንድ ቦታ ብቻ ማንሳት ያሳስታል፤ ድንገት የተቀደደ ፌስታል የተቀበረበት ጉድጓድ ላይ ልንወድቅ እንችላለን። ይህን በደንብ ሠራን። ከዚያ ግን አፈሩን በፌስታል ጠቅልለን ወደ ላብራቶሪ ይዘን ገባን። መምህራችን አየንና «የምትፈልጉትን ከቤት ይዛችሁ መጣችኋ!» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ በብረት ማንኪያና በአሉሚኒየም ፎይል እንደገና ሄድን።

ማድረቅ። የሶይል ሜካኒክስ ተማሪ እጁ የለመደው ኦቨኑን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መለኮስ ነው። እኛም ለኮስነው። የፌስታል ፕላስቲክ መቅለጥ የሚጀምረው ደግሞ በዚያው በ105 እና በ115 ዲግሪ መካከል ነው። የምንፈልገውን ነገር እያቀለጥን ከአፈሩ ጋር ማጣበቃችን ነበር። ያንን አፈር ጥለን ሌላውን በ50 ዲግሪ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አደረቅነው።

መንፋት። ይህ ደስ ያለን ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ዕቃ ግቢያችን ውስጥ አለ። የመንገድና የግንባታ አፈር የምንፈትሽበት ቁጥር 4 ወንፊት ቀዳዳው 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ5 ሚሊ ሜትሩ ወሰን በጣም የቀረበ ነው። ቁጥር 200 የሚባለው ደግሞ 0.075 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ለአስፋልት በተሰራ መሣሪያ ለጎመን ማሳ መሥራት ቻልን። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ወንፊቱን የምናጸዳበት ብሩሽ ፀጉሩ ናይለን ከሆነ እሱም ክር ይጥላል። በብረት ሽቦ ብሩሽ ቀየርነው።

ማንሳፈፍ። የሥራው ልብ ይህ ነው። የአፈር ማዕድን እፍጋቱ፣ በክፍል ዴንሲቲ የምንለው፣ በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.65 ግራም አካባቢ ነው። የፌስታልና የጀሪካን ፕላስቲክ ከ0.91 እስከ 0.97፣ የማዳበሪያ ከረጢት 0.90 ገደማ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው እፍጋት ያለው ፈሳሽ ካገኘን አፈሩ ይዘቅጣል፣ ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 360 ግራም ያህል የገበታ ጨው ሲሟሟ ውሃው ከዚያ በላይ ጨው አይቀበልም፤ እፍጋቱም 1.2 ይሆናል። ጨው ርካሽ ነው፣ አይጎዳም፣ ከሱቅ ይገኛል። በገበታ ጨው ውስጥም የፕላስቲክ ቅንጣት ስለሚገኝ ግን ውሃውን አስቀድሞ በማጣሪያ ወረቀት ማሳለፍ የግድ ነው።

ጨው ገደብ አለው። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ እፍጋቱ 1.38 ነው፤ የፖሊስተር ልብስም በባህሪው ያው ፒኢቲ ነው። የውሃ ቧንቧው ፒቪሲም ከ1.3 በላይ ነው። እነዚህ በጨው ውሃ ውስጥ ከአፈሩ ጋር አብረው ይዘቅጣሉ። እነሱን ለማንሳፈፍ እንደ ዚንክ ክሎራይድ ያለ ከ1.5 በላይ እፍጋት የሚሰጥ ጨው ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ወደ ቦይ ቢደፋ በውሃ ውስጥ ያለውን ነፍሳት ይጎዳል። ስለዚህ በገበታ ጨው የሠራ ሰው «ፌስታልና ማዳበሪያ ፈልጌ ይህን አገኘሁ» ማለት ይችላል፤ «ፕላስቲኩ ይህ ብቻ ነው» ማለት ግን አይችልም።

አካባቢያችን ዋልካ መሆኑም አስቸግሮናል። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲርስ ደግሞ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ቅንጣቶቹን ጭብጥ አድርጎ ይይዛቸዋል። አንድ ጊዜ አማስሎ መተው አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ እየደጋገምን አማስለን እያንዳንዱን ጊዜ አሳድረነዋል።

ማቃጠል ያለ እሳት። ከላይ የተንሳፈፈው ሁሉ ፕላስቲክ አይደለም። ሥር፣ ገለባ፣ የነፍሳት ክንፍም ይንሳፈፋል። እነዚህን ለማጥፋት 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እንጨምራለን፤ ሕይወት ከነበረው ነገር የመጣውን አብዛኛውን ይበላዋል፣ ፕላስቲኩን ብዙ አይነካውም። ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና ያለ ላብራቶሪ ባለሙያ ማንም እንዳይሞክረው አደራ እንላለን፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ቆዳን በአንዴ ነጭ ያደርጋል።

ማየትና መንካት። የቀረውን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አሳልፈን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ፕላስቲክ የመሰለንን በጋለ መርፌ ጫፍ እንነካዋለን፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል ወይም ይጠቀለላል፣ ሥር ወይም ጥጥ ከሆነ አይቀልጥም። የትኛው ዓይነት ፕላስቲክ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገረው ግን የኢንፍራሬድ መሣሪያ ነው፤ እሱ እኛ ጋ የለም።

ባዶዋ ሳህን

እዚህ ድረስ በሠራነው ቆጠርን። ብዙ አገኘን፤ አብዛኛውም ክር ነበር፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ጥቂት ቀይ። ደስ አለን። ያዘነ ሰው አልነበረም፤ ቁጥሩ በበዛ ልክ ሥራችን የከበረ መሰለን። ከመሃላችን አንዱ በዚያው ምሽት በግሩፑ ላይ ለጠፈው፤ የቀረነውም ልብ እየሰጠን አዳነቅን። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም።

በማግስቱ መምህራችን ወረቀታችንን አገላብጦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፦ «ባዶዋስ?»

የሥራ መመሪያው ላይ ሁለት ነገር ተጽፎ ነበር። አንደኛ፣ በማጣሪያ ያለፈ ንጹህ ውሃ የያዘች አንዲት ሳህን ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ክፍት ሆና አጠገባችን ትቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ደረጃ አንድ ጊዜ ያለ አፈር ይሠራ፤ ጨዉ፣ ፐሮክሳይዱ፣ ማጣሪያው፣ ሁሉም። እኛ ሁለቱንም ዘለልናቸው። «አፈር የሌለበትን ነገር መመርመር ጨው ማባከን ነው» ነበር ያልነው።

ተመልሰን ሠራነው። ባዶዋን ሳህን በማይክሮስኮፕ ስናይ ዝም አልን። ሰማያዊ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ጥቂት ቀይ። አንድ ወንድማችን ከለበሰው ሰማያዊ ሹራብ ክር መዝዞ አጠገቡ አስቀመጠው፤ በውፍረትም በቀለምም አንድ ነበሩ። ጥቁሩ ከእህቶቻችን ሒጃብና ከእኛው ጃኬት ነበር። ከማሳው አገኘነው ያልነው ክር ብዙው የራሳችን ልብስ ነበር። ቀድሞ ሊያነቃን የሚገባ ምልክትም ነበር፤ የፖሊስተር ክር በገበታ ጨው ውሃ ውስጥ መዝቀጥ እንጂ በብዛት መንሳፈፍ አልነበረበትም። እፍጋቱን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለፈተና ጽፈነዋል። ሳህኑ ላይ ግን አላሰብነውም።

ክሩን ስናወጣ ቁጥሩ ወደቀ። የቀረው ጥቂት ስስ የፌስታል ቁራጭና ከማዳበሪያ ከረጢት የተተለተለ ጠፍጣፋ ነጭ ክር ነው። በባዶዋ ሳህን ላይ እነዚህ አልነበሩም፤ ስለዚህ ከማሳው መጥተዋል ብለን እናምናለን። ምን ያህል ናቸው ለማለት ግን ሌላ ፈተና ይቀረናል። ቢጫ ጀሪካን ቆርጠን፣ እንበል 50 ቅንጣት ቆጥረን ንጹህ አፈር ውስጥ እንቀብርና ሙሉውን ሥራ እንሠራለን። 40 ከተመለሰልን ዘዴያችን 80 በመቶ ይይዛል ማለት ነው፤ 20 ብቻ ከተመለሰ ዋልካው ከግማሽ በላዩን አስቀርቶብናል ማለት ነው። ይህን ሳይጨርሱ በኪሎ ይህን ያህል ነው ማለት ግምት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእኛን ቁጥር የማታገኙት ለዚህ ነው።

ከእኛ አብዛኞቻችን በልጅነታችን መድረሳ ተምረናል። ኡስታዝ ፊት ቀርቦ «ዐውቀዋለሁ» ማለት አይሠራም ነበር፤ ትቀራለህ፣ የሳትክበት ላይ ያስቆምሃል፣ እስክታርመው ድረስ አታልፍም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ፍቺውን ሸምድደን ጻፍን፣ ነጥብ አገኘን፣ አለፍን። ሁለቱም ብዙ ጠቅመውናል። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ባዶዋ ሳህን እንደ ኡስታዙ ነው የሆነችብን፤ የሳትንበት ላይ አስቆመችን። በሐዲስ ትምህርትም ወሬ ከነሰነዱ እንደሚታይ እናውቃለን፤ ማን ከማን ሰማው፣ ተናጋሪው ምን ያህል ይታመናል ይባላል። ቁጥርም ሰነድ ያስፈልገዋል፤ አፈሩ እንዴት ተነሳ፣ በስንት ዲግሪ ደረቀ፣ በምን ጨው ተንሳፈፈ፣ ባዶው ስንት ነበር። ይህን መጠየቅ ከስላይድ ላይ አልተማርነውም። የተማርነው አፍረን ነው።

ወደ ማሳው ስንመለስ

መልእክቱ ከተለጠፈ በኋላ የሆነውን መናገር ይከብደናል። ማሳው የአንዲት እናት ነው። ጎመንና ሰላጣ እያመረተች በግቢው በር ላይ ትሸጣለች፤ ከግቢ ውጪ ተከራይተው የሚያበስሉ ተማሪዎች ዋነኛ ደንበኞቿ ናቸው። በዚያ ሳምንት ብዙዎቹ አልፈዋት ሄዱ። ለምን እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም። እኛ ሄደን ነገርናት።

«እናታችን፣ የተሳሳትነው እኛ ነን። የቆጠርነው የራሳችንን ልብስ ክር ነው» አልናት።

ሰምታን ስታበቃ «ታዲያ ልጆቼ፣ ይህን ለእኔ መንገራችሁ ምን ይጠቅመኛል? እኔ ጎመኔን አውቀዋለሁ። ለማይገዙኝ ንገሩልኝ እንጂ» አለችን።

ይኸው እየነገርናችሁ ነው። በአፈር ውስጥ የምንቆጥረው ቅንጣት ስለ ጎመኑ ቅጠል ምንም አይናገርም። የእኛ ወንፊት የሚይዘው ከ0.075 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ሙከራ ስንዴና ሰላጣ ፕላስቲክ በሥራቸው እንደሚያስገቡ ታይቷል፤ ነገር ግን እዚያ የገቡት ቅንጣቶች መጠናቸው ከ0.002 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነበር፤ የሚገቡትም አዲስ ቅርንጫፍ ሥር ሲወጣ በሚፈጠረው ስንጥቅ ነው። እኛ ከምናየው ጋር በብዙ እጥፍ ይራራቃሉ። ስለዚህ «ጎመኑ ፕላስቲክ አለበት» የሚል ነገር ከእኛ ሥራ አይወጣም። እንደ ወትሮው አጥባችሁ ብሉ።

እናታችን ግን አንድ ነገር አሳየችን። ማሳዋ ጥግ ላይ በክምር ያስቀመጠችው የተቀዳደደ ፌስታል ነበር። «ይህ የእኔ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከላይ ያመጣልኛል፤ እኔ እለቅማለሁ» አለችን። ከላይ ያለው የእኛ ግቢ ነው። ቦዩ ከዶርሞቹ ጀርባ ተነስቶ በካፌው በኩል አልፎ ነው ወደ እሷ የሚወርደው። ከክምሩ ውስጥ ቀይና ጥቁር ስስ ፌስታል አየን፤ በረመዷን ቴምርና ሳምቡሳ የምናከፋፍልበት ዓይነት ነው። ከየትኛው ሱቅ እንደመጣ፣ ማን እንደጣለው አናውቅም። እኛ ግን እንዲህ ያለ ፌስታል በብዛት ገዝተን እናከፋፍላለን። አፈሯን አጥፍተሻል ብለን ስሟን ያነሳናት ሴት የእኛን ቆሻሻ ስትለቅም ነበር የከረመችው።

መሥራት ለምትፈልጉ

ከሌላ ዲፓርትመንት ያላችሁም ይህን መሞከር ትችላላችሁ። የፐሮክሳይዱን ሥራ ለላብራቶሪ ተውትና የቀረውን በቀላል ዕቃ ሥሩት።

1. የምትለብሱት ልብስ ጥጥ ይሁን። ጋውኑም ጥጥ ይሁን፤ ሹራብ ውጪ ይቀመጥ። መስኮት ዝጉ፤ ጠረጴዛውን በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ወልውሉ።
2. ዕቃው ብርጭቆ ወይም ብረት ይሁን። ሁሉንም በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ በፎይል ክደኑ።
3. ከአምስት ቦታ አንሡ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ጥልቀቱን ጻፉ።
4. ከ50 ዲግሪ በላይ አታድርቁ። ኦቨን ከሌለ በፎይል ተሸፍኖ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።
5. የጨው ውሃውን አጣሩ። አማስሉ፣ አሳድሩ፣ ከላይ ያለውን ውሰዱ፤ ሦስት ጊዜ ድገሙ።
6. ባዶዋን ሳህን አትርሱ። ያለ አፈርም አንድ ሙሉ ዙር ሥሩ።
7. የታወቀ ቁጥር ያለው ባለ ቀለም ፕላስቲክ ቀብራችሁ ስንቱ እንደሚመለስ እዩ።
8. ሰባቱን ሳትጨርሱ ቁጥር አትለጥፉ።

የተጠቀማችሁበትን ጨዋማ ውሃ ሣር ወይም ዛፍ ሥር አትድፉት፤ ጨው አፈርን ያበላሻል። አድርቃችሁት ጨውን መልሳችሁ ለሚቀጥለው ዙር መጠቀም ይቻላል።

ከጀመዓው የምንጠይቀው

አገራችን ስለ ፌስታል ሕግ ማውጣት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ገድቦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ይከለክላል። ሕግ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሊያስቆም ይችላል። አፈር ውስጥ ገብቶ የተፈረፈረውን ግን ማንም ለቅሞ አያወጣውም፤ ግማሽ ኪሎ አፈር ለማጥራት ለአምስት ሰው ስንት ቀን እንደፈጀብን እኛ እናውቃለን። የሚሻለው ሳይሰባበር ማስቀረት ነው።

ስለዚህ ለፊጥር ኮሚቴው ሁለት ነገር አቅርበናል። አንደኛ፣ በመጪው ረመዷን ቴምሩና ሳምቡሳው በፌስታል ተቋጥሮ መታደሉ ቀርቶ በትሪ ይቅረብ፤ ትሪዎቹን በየተራ እንጠብ፤ አጣቢዎች ከጎደሉ የእኛን አምስት ስም አስቀድማችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከዶርሞቹ ጀርባ ያለውን ቦይ እናጽዳ፤ በመውጫው ላይም ፌስታል የሚይዝ የብረት ወንፊት እናብጅ። ንድፉን እኛ ሠርተናል፤ ብየዳው ላይ የሚያግዘን የሜካኒካል ተማሪ እንፈልጋለን።

የቀረንን ፈተና፣ ማለትም የቢጫውን ጀሪካን ሙከራ፣ በዚህ ሴሚስተር እንጨርሳለን፤ ኢንሻአላህ። ውጤቱን ከነባዶው፣ ከነጉድለቱ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። አፈር ስናነሳ አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ የጥጥ ልብስ ለብሳችሁ ቅዳሜ ከዙህር ሰላት በኋላ በሶይል ላብራቶሪው በር ላይ እንገናኝ። በመንገዳችሁም በግቢው በር በኩል እለፉና ከእናታችን ጎመን ግዙ። ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።